ካምቢዮውም ጀበና ነው

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ፦ አውቶማቲክ መኪና ውስጥ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ማን ነው?

አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ማንዋል የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ግራ እግር ይወርዳል፣ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ እጅ ማርሹን ያስገባል፣ እግር ቀስ እያለ ይለቃል። ቀስ ካላለ መኪናዋ እንደ በቅሎ ትዘልና ትጠፋለች። አውቶማቲክ ላይ ግን ግራ እግራችሁ እንደ ሰርግ እንግዳ ቁጭ ብሎ ነው የሚሄደው። ማርሹ ግን ይቀየራል! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዳገት ሲመጣ እንደገና ሁለት። አንድ የማይታይ ነገር በየመሃሉ እየረገጠ፣ እየለቀቀ ነው።

እኔ ስምንት ዓመት አውቶማቲክ ስነዳ አንድም ቀን ይህን ጠይቄ አላውቅም። መልሱን ያገኘሁት በቅርቡ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ክንዱን ይዤ እየነገርኩ ነው። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ነገሩ የጀመረው ኮሮላዬ ጠዋት ጠዋት ማኩረፍ ስትጀምር ነው። ሞተሩን አስነስቼ ማርሹን ከፒ ወደ ዲ አወርዳለሁ፤ ዝም። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ፤ ከዚያ ገጭ! ከኋላ ሰው የገጨኝ ይመስል ወደ ፊት ትወረወራለች። ሰፈራችን ወዳሉት ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኳት።

«የካምቢዮውን ዘይት መቼ ነው የቀየርከው ልጄ?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ በየአምስት ሺሁ እቀይራለሁ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«እሱ የሞተሩ ነው። እኔ የጠየቅኩህ የካምቢዮውን ነው።»

አፈርኩ። ካምቢዮ የራሱ ዘይት እንዳለው አላውቅም ነበር። ከእናንተም ውስጥ ሁለት ሦስታችሁ አሁን ዓይናችሁን መሬት ላይ እንደተከላችሁ ይታየኛል፤ ግድ የለም፣ በዚህ አልፈርድባችሁም። የሞተር ዘይት ስሙ በየማደያው ይጠራል፤ የካምቢዮውን ግን ብዙ ጊዜ ማንም አያነሳብንም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመልሳችሁ። ፍሪሲዮኑን የሚረግጠው ዘይቱ ነው። አዎ፣ ያው የምናፈሰው፣ ጣት ላይ የሚያሟልጨው ዘይት! እንዴት ሆኖ? ቀስ ብለን እንግባ።

ድሬዳዋ ወይም አዋሽ የኖረ ሰው ፋን ምን እንደሆነ ያውቃል። ሁለት ፋን ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጡ። አንዱን ሶኬት ላይ ሰኩት፣ ሌላውን ተዉት። የተሰካው ሲዞር ነፋሱ ያልተሰካውን ይመታዋል፣ እሱም ቀስ፣ ቀስ፣ እያለ መዞር ይጀምራል። በመካከላቸው ብረት የለም፣ ቀበቶ የለም፣ አየር ብቻ! አሁን ሁለቱን ፋኖች አፍ ለአፍ በተገጠሙ ሁለት ድስቶች ውስጥ ክደኗቸው፣ በአየሩ ፋንታ ዘይት ሙሉበት። አንደኛውን ፋን ሞተሩ ያዞረዋል፤ እሱ ዘይቱን ይወረውራል፤ የተወረወረው ዘይት ሁለተኛውን ፋን ያዞራል፤ ሁለተኛው ፋን ወደ ጎማ የሚሄደውን ጉልበት ይዞ ይወጣል። መካኒኮቹ ቶርክ ኮንቨርተር የሚሉት ይህን ነው። ሞተሩና ጎማችሁ ስትነሱ የሚገናኙት በፈሳሽ ብቻ ነው። ወይ ጉድ!

እና መብራት ላይ ዲ ላይ ሆናችሁ ፍሬን ይዛችሁ ስትቆሙ ሞተሩ ለምን አይጠፋም? ማንዋል ቢሆን ፍሪሲዮን ሳትረግጡ ብትቆሙ ወዲያው ነበር የሚጠፋው። እዚህ ግን ሁለተኛው ፋን ተይዞ ይቆማል፣ አንደኛው መዞሩን ይቀጥላል፣ ዘይቱ በመካከላቸው ይንተከተካል። በቃ! ይህች ስትገባኝ መኪና ውስጥ ብቻዬን ጮኬያለሁ፤ አጠገቤ የቆመው ሚኒባስ ረዳት ምን ሆነ ብሎ አየኝ። (የተንተከተከው ዘይት ምን እንደሚሆን ግን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።)

በሁለቱ መሃል ደግሞ ሦስተኛ ትንሽ ፋን አለ። ሥራው ተመልሶ የሚመጣውን ዘይት አቅጣጫ ማስያዝ ነው፤ ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ልክ በሰዓቱ ሲያግዛችሁ ማለት ነው። በእሱ ምክንያት መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ የሞተሩ ጉልበት እስከ እጥፍ ገደማ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ያሰበው ሄርማን ፎቲንገር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው፤ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን ያሰበውም ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር። መብራት ላይ ቆመን የምንኖረው በመርከብ ብልሃት ነው እላችኋለሁ።

አሁን ወደ ፍሪሲዮኑ። አንድ መሶብ ይታያችሁ። አንድ እንጀራ ታነጥፋላችሁ፣ በላዩ አንድ ሳህን፣ ደግሞ እንጀራ፣ ደግሞ ሳህን፣ እንዲህ እያደረጋችሁ ትደረድራላችሁ። ሳህኖቹ ከአንድ ዘንግ ጋር ተያይዘዋል፣ እንጀራዎቹ ከሌላ ዘንግ ጋር። ከላይ ካልተጫናቸው ሳህኑም እንጀራውም ለየብቻው ይዞራል። ከላይ ተጫኗቸው! ተጣበቁ፣ አብረው ይዞራሉ፣ ማርሹ ገባ። ልቀቁ፣ ተለያዩ፣ ማርሹ ወጣ። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ፍሪሲዮን ይኸው ነው፤ በአንድ ካምቢዮ ውስጥ እንዲህ ያለ መሶብ ብዙ አለ። ከላይ ሆኖ የሚጫነው እጅ ደግሞ ከፓምፕ በግፊት የሚመጣ ዘይት ነው። እግራችሁ ሥራ የፈታው ለዚህ ነው!

የበለጠ የገረመኝን ልንገራችሁ። እንጀራ ያልኩት ለቀልድ ብቻ አይደለም። የፍሪሲዮን ሸራዎቹ ፊት በአብዛኛው ከወረቀት መሰል ነገር ነው የሚሠራው፤ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ ልክ እንደ እንጀራ ዓይን። ዘይቱን እንደ ወጥ ይመጠዋል። በቶሎ የማያርረውም ዘይት ጠጥቶ ስለሚሠራ ነው። ዘይቱ የተበላሸ ወጥ ከሆነ እንጀራው ምን እንደሚሆን አስቡት።

የካምቢዮውን ጥርሶች ነገር ብተርክ ይመሻል። ባጭሩ፣ መሃል ላይ እንደ እናት የተቀመጠች ጥርስ አለች፣ ዙሪያዋን ልጆች ይዞሯታል፣ ከውጭ እንደ አጥር ያለ ክብ ጥርስ ይከባቸዋል። አንዱን ያዝ አድርጎ ሌላውን መልቀቅ ፍጥነቱን ይቀይረዋል። ያዡና ለቃቂው ያ መሶብ ነው።

ታዲያ የትኛው መሶብ መቼ ይጫን የሚለውን ማን ይወስናል? መስኖ ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ገበሬው አካፋ ይዞ ይቆማል፤ እዚህ ጭቃ ደፍኖ እዚያ ይከፍታል፤ ውሃው ወደ ጎመኑ ይሄድ የነበረው ወደ ሽንኩርቱ ይዞራል። ካምቢዮው ሆድ ውስጥም እንደ ጉንዳን ጎዳና የተጠላለፈ የዘይት ቦይ ያለበት ብረት አለ። ዛሬ አካፋውን የያዘው ኮምፒውተር ነው። ግን ልብ በሉ፦ ጀነራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን፣ በብዛት የተመረተ የመጀመሪያውን ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው፤ ለኦልድስሞቢል መኪና። በዚያ ጊዜ ኮምፒውተር የት አለ? የመኪናዋ ፍጥነት ሲጨምር የዘይቱ ግፊት ይጨምራል፣ ግፊቱ በር ይገፋል፣ በሩ ሲከፈት ቦዩ ይቀየራል። ዘይቱ ራሱ ነበር የሚያስበው! ጉድ በል ጎንደር።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ገጭ ብሎ የገባኝ። (በጥሩው ገጭ።) እኔ ዘይት ማለት ማለስለሻ ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ እንደ በር ማጠፊያ ላይ እንደሚንጠባጠበው። የሞተር ዘይት ሥራው በአብዛኛው እንደዚያ ነው። የካምቢዮው ግን ሞተሩን ከጎማ ያገናኛል፣ ፍሪሲዮኑን ይረግጣል፣ ጥርሱን ያለሰልሳል፣ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ራዲያተር ወስዶ ያራግፋል። ዘይቱ እንደ ጎማና እንደ ፍሬን ሸራ የመኪናዋ አካል ነው። አካል ደግሞ ያረጃል፤ ስለዚህ «መቼ ይቀየር?» ማለት «ይህ አካል በምን ያረጃል?» ማለት ነው።

ይህ ዘይት የሚጠየቀውን ነገር ደግሞ እዩልኝ። ጥርስ ላይ ሲደርስ «አሟልጭ!» ይባላል። እንጀራው ላይ ሲደርስ «ያዝ!» ይባላል። አንድ ፈሳሽ፣ ሁለት ተቃራኒ ትእዛዝ! ይህን ለማስታረቅ ብዙ ዓይነት ቅመም ይገባበታል። በድሮ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ከሚገቡት ቅመሞች አንዱ ከምን ይወጣ እንደነበር ብትገምቱ አታገኙትም፦ ከዓሣ ነባሪ። ስፐርም ከሚባለው ግዙፍ ዓሣ ነባሪ የሚወጣ ዘይት ይጨመርበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ እንስሳውን ከመጥፋት ለመጠበቅ በሕግ ስትከለክል ኩባንያዎቹ ሌላ ቅመም ፍለጋ ገቡ። የካምቢዮ ዘይት ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ቀይነቱ ግን የቅመሙ አይደለም፤ ቀለም ነው። መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ተብሎ ቀለም ይገባበታል።

እሺ፣ በምን ያረጃል? ሞተር ውስጥ እሳት አለ፤ ጥላሸት አለ፤ ዘይቱ ቶሎ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ካምቢዮ ውስጥ እሳት የለም። ለዚህ ነው በየአምስት ሺሁ የማይቀየረው። እዚያ ጠላቱ ሙቀት ነው። የቦምቦሊኖ መጥበሻ ያየ ሰው አለ መቼም። ጠዋት ዘይቱ እንደ ማር ያበራል፤ ማታ ቡናማ ሆኗል፣ ወፍሯል፣ ሽታው ተቀይሯል። ማንም ቆሻሻ አልጨመረበትም፤ ሙቀትና አየር ብቻ ናቸው። የካምቢዮውም ዘይት እንዲሁ ነው የሚያረጀው፣ በዝግታ ብቻ። በደህና ጊዜ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚሠራው። የኬሚስትሪ ሰዎች አንድ ግምታዊ ሕግ አላቸው፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርጅናው ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል። እስቲ አስሉት! 80 ዲግሪ ላይ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ዘይት ቢኖር፣ 100 ዲግሪ ላይ ዕድሜው ወደ 25 ሺህ ይወርዳል። ሃያ ዲግሪ ብቻ!

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁን የተንተከተከ ዘይት አምጡት። መብራት ላይ ስትቆሙ የሞተሩ ጉልበት ጎማ ጋ አልደረሰም። የት ሄደ? ዘይቱን አሞቀው! ትንሽ ሄዶ መቆም፣ ትንሽ ሄዶ መቆም፤ ከሜክሲኮ ሳር ቤት የምናደርገው ጉዞ ማለት ነው። ዳገትም እንዲሁ ነው፤ ወደ እንጦጦ ስትወጡ፣ ወይም ዓባይ በረሃን ተሻግራችሁ ወደ ደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ ስትመለሱ፣ መኪናዋ ሞልታ፣ ፀሐዩ ከላይ። በአንጻሩ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ስትሄዱ ፍጥነቱ ሲረጋጋ ሁለቱ ፋኖች በራሳቸው ፍሪሲዮን ተቆላልፈው እንደ አንድ ይዞራሉ። መንተክተክ የለም፣ ሙቀቱ ይቀንሳል። እኔ ለመኪና የሚከብደው ረጅም መንገድ ነው ብዬ ነበር የማምነው። ለካምቢዮው ግን ከባዱ ሰፈር ለሰፈር ነው! ለዚህ ነው የኪሎ ሜትር ቁጥር ብቻውን የሚዋሸው፦ አንድ ሰዓት ተጨናንቃችሁ ቁጥሩ ላይ አሥር ኪሎ ሜትር ብቻ ይጨመራል፣ ዘይቱ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠበስ ቆይቷል።

ስለዚህ መቼ? አንዳንድ አምራቾች «የዕድሜ ልክ ዘይት ነው፣ አይነካም» ይላሉ። የማን ዕድሜ እንደሆነ አያብራሩም። ዘይቱ ሞቶ ካምቢዮውን ይዞት ከሄደ እሱም ዕድሜ ልክ አገልግሏል ሊባል ነው። የጀርመኑ ዜድኤፍ፣ ቢኤምደብልዩን ጨምሮ ለብዙ ኩባንያዎች ካምቢዮ የሚሠራው፣ ለራሱ ካምቢዮዎች ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ወይም ቢበዛ በስምንት ዓመት ቀይሩ ይላል። መኪናው ላይ የዕድሜ ልክ ተብሎ እየተጻፈ ሠሪው ቀይሩ ይላል! ቶዮታም ለአሜሪካ ገበያ ባወጣቸው ብዙ መመሪያዎች ለተራ አጠቃቀም ቁርጥ ያለ ቁጥር ባያስቀምጥም፣ ለሚጎትትና ከባድ ለሚጭን በ60 ሺህ ማይል፣ ማለትም ወደ 97 ሺህ ኪሎ ሜትር ግድም ይቀየር ይላል። እነዚህ ቁጥሮች ግን የእኛን መንገድ አይተው የተጻፉ አይደሉም። አዲስ አበባ ላይ፣ በዚህ ዳገትና በዚህ ጭንቅንቅ፣ እኔ ለራሴ የያዝኩት ከ40 እስከ 50 ሺህ ነው፤ ብዙም ካልነዳሁ በአራት ዓመት። ሽማግሌው መካኒክም ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማምተውልኛል። የመኪናችሁ መመሪያ ከዚህ ያነሰ ካለ መመሪያውን ስሙ።

ያገለገለ መኪና የገዛን ደግሞ፣ ማለትም ሁላችንም ማለት ነው፣ ቁጥሩን ከየት እንጀምር? ከዱባይ ይምጣ ከአውሮፓ፣ በፊት የነበረው ሰውዬ ቀይሮ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ኪሎ ሜትርም ስንት ጊዜ ወደ ኋላ እንደተጠመዘዘ እግዜር ይወቀው። መልሱ ቀላል ነው፦ ካልታወቀ አልተቀየረም ብላችሁ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጃችን ያለችውን ማኖር ግዴታችን ሆኗል። (ኤሌክትሪክ የገዛችሁ ማጉረምረማችሁን ተዉ፤ የእናንተ መኪና ይህን ሁሉ መሶብ የላትም።)

አሁን ወደ ጀበናው። መካኒኩ ኮሮላዬን ጉድጓዱ ላይ አቁመው ከስር ገቡና የካምቢዮውን ቡሎን ፈቱ። ዘይቱ ወረደ፤ ቀይ መሆን የነበረበት እንደ ደከመ የቡና አተላ ሆኖ ወረደ። ወደ ሦስት ሊትር። አዲስ ሦስት ሊትር ሞሉና «በል፣ ሳምንት ነድተህ ተመለስ» አሉኝ። እንዴት ሳምንት? ተቀይሯል አይደል? «ሁሉም መች ወረደ» አሉ። ካምቢዮው ሰባት ሊትር ገደማ ነው የሚይዘው፤ ቡሎኑ ሲፈታ የሚወርደው ሦስቱ ብቻ ነው። የቀረው ያ አፍ ለአፍ የተገጠመው ድስት ውስጥና ቦዮቹ ውስጥ ነው፤ አይወርድም። እኔ ግን ልቤ አላመነም። ጉልበት ሊያስከፍሉኝ ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ።

እሑድ እማዬ ጋ ሄድኩ። ቡና አፈላች። አቦሉን ቀዳች፣ ጠጣን። ጀበናውን አልደፋችውም፤ አተላው እንዳለ ውሃ ጨመረችበትና እሳት ላይ መለሰችው። ቶና። ቀጠን አለ። እንደገና ውሃ። በረካ። ውሃ ውሃ አለ። እኔ ሲኒውን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። «እማዬ! ካምቢዮው ጀበና ነው!» አልኩ። «ቡናው ይዞሃል መሰለኝ ልጄ» አለች።

ግን ተመልከቱ! አሮጌው ዘይት አተላው ነው። በአንዴ አይወጣም፤ በየዙሩ ግን ይቀጥናል። ከሰባቱ ሦስቱን ስትቀይሩ 43 በመቶው አዲስ ይሆናል፤ ይህ አቦል ነው። ሳምንት ነድታችሁ ሲደባለቅ እንደገና ሦስት ሊትር ታወርዳላችሁ፤ አሁን ግን ከምታወርዱት ውስጥ አዲሱም አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ወደ 86 አይዘልም፤ 67 ነው የሚደርሰው። ቶና። ሦስተኛው 81። በረካ! አራተኛ ብትጨምሩ ትርፉ እየሳሳ ስለሚሄድ አያቶቻችን ቡናን ሦስት ላይ ያቆሙት በምክንያት ይመስለኛል። ሁሉንም በአንዴ ገፍቶ የሚያወጣ ማሽን ያላቸው ጋራዦችም አሉ፤ ለመኪናዬ ዕድሜና ለኪሴ ግን የጀበናውን መንገድ መረጥኩ። ዘጠኝ ሊትር አለቀ።

አንድ ነገር ትሉኛላችሁ፣ አውቃለሁ፦ «የእገሌ መኪና ዘይቱን በቀየረ ማግስት ካምቢዮው ሞተ!» እኔም ሰምቻለሁ። ግን እገሌ ዘይቱን የቀየረው መቼ ነበር? መንሸራተት ከጀመረች በኋላ። ሰው ሆስፒታል የሚገባው ታሞ ነው፤ ሆስፒታል ሞተ ብለን ሆስፒታሉ ገደለው አንልም። በእርግጥ ትንሽ እውነትም አለበት። እንጀራው ጨርሶ አልቆ ከሆነ የረገፈው ብናኝ አሮጌው ዘይት ውስጥ እየተንሳፈፈ ትንሽ ማጣበቅ ያግዛል ይባላል፤ አዲስ ዘይት ሲገባ ያቺም እርዳታ ትቀራለች። የታመመ ካምቢዮ በዘይት አይድንም። ያልታመመውን ነው ቶሎ መያዝ።

ዓይነቱን ነገር ደግሞ አደራ። ቀይ ሁሉ አንድ አይደለም። የእኔዋ የምትፈልገው ቶዮታ ቲ ፎር የሚባለውን ነው፤ ከእሷ በኋላ የወጡት ብዙዎቹ ደብልዩ ኤስ የሚባለውን። ሲቪቲ የሆኑት፣ ለምሳሌ 1.3 ሊትር ቪትዞች ብዙዎቹና ብዙ ኒሳኖች፣ ጭራሽ ሌላ ዓለም ናቸው፤ እነሱ ውስጥ በሁለት ሾጣጣ መዘውሮች መካከል የብረት ቀበቶ ነው የሚዞረው። (ሐሳቡን በመኪና ላይ በብዛት ገበያ ያወጣው የሆላንዱ ዳፍ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1958፣ ያኔ በጎማ ቀበቶ።) ያ ቀበቶ እንዳይንሸራተት የሚይዘው ለሲቪቲ የተሠራ ዘይት ብቻ ነው፤ ተራውን ብትሞሉበት ቀበቶው ይበላል።

መካኒኩ ከካምቢዮው ስር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን፣ ሲያወርዱ ከታች የተለጠፉ ትንንሽ ማግኔቶች አሳዩኝ። ግራጫ ጭቃ ነገር ተለጥፎባቸዋል። ደነገጥኩ። «ይህ ጤና ነው» አሉኝ፤ ብረት ከብረት ሲተሻሽ የሚረግፍ ብናኝ ነው፣ ማግኔቱ ይዞ ያስቀምጠዋል። ቁራጭ ብረት ቢሆን ነበር ማልቀስ።

ከበረካው በኋላ ኮሮላዬ ጠዋት ከፒ ወደ ዲ ስትወርድ ወዲያው ትይዛለች፤ ገጭ ማለቷ ቀርቷል። ኮፈኑ ስር ነጭ ፕላስተር ለጥፌ የቀየርኩበትን ኪሎ ሜትር በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።

ቅዳሜ መኪናችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ኑ፤ ሁላችሁም ነጭ ሶፍት ያዙ። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ ያላችሁ (ብዙ አዳዲሶቹ የላቸውም፣ እነሱ ጋራዥ ነው የሚለኩት) አብረን እናያለን። እንደ ሞተሩ አጥፍታችሁ እንዳታወጡት፤ በአብዛኛዎቹ መኪኖች ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው፣ ጠፍቶ ከሆነ ዘይቱ ወደ ታች ተመልሶ ይዋሻችኋል። መኪናዋ ሞቃ፣ ለጥ ያለ ቦታ ላይ፣ ፍሬን ይዛችሁ ማርሹን በሁሉም ላይ አዙራችሁ ፒ ላይ መልሱት። ዘንጉን አውጡ፣ ጥረጉ፣ መልሱ፣ እንደገና አውጡ፣ አንድ ጠብታ ሶፍቱ ላይ። ቀይ ከሆነ ቡናው በእኔ። ቡናማ ከሆነ አቦል ለመጀመር እንነጋገራለን። ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ከሸተተ ሽማግሌውን እንጠራለን። እንደ እንጆሪ በወተት ሮዝ ሆኖ ካያችሁት ግን የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ በቃ፣ ነድታችሁ እንዳትመጡ፣ እኔ እመጣለሁ።